መሥሪያ ቤትን በሠራተኛው ዕውቀትና በሥራው ልማድ ስለ ማሳደግ

አንድ መሥሪያ ቤት ሥራው ሲሰናከልበት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሰው ቍጥር ነው። «ሰው አነሰን» የሚለው ቃል በደብዳቤው መጀመሪያ ይጻፋል፤ ቀጥሎ መኪናና ሞተር ብስክሌት፣ ከዚያም ገንዘብ ይለመናል። ይህ ልመና ብዙ ጊዜ እውነት አለው፤ ሰው በሌለበት ሥራ የለምና። ነገር ግን የተለመነው ሰው መጥቶ፣ ደመወዙ ተወስኖለት፣ ወንበሩን ይዞ ከተቀመጠ በኋላ ሥራው እንደ ቀድሞው ሲያነክስ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በዚህን ጊዜ አለቃው «ሠራተኛው ሰነፍ ነው» ይላል፤ ሠራተኛውም በበኩሉ «አለቃው አያዳምጥም» ይላል፤ ሁለቱ ሲወቃቀሱ የገበሬው የዘር ወራት ያልፋል።

ጉድለቱ ከሰዎቹ ጠባይ ነው ወይስ ከሥራው ልማድ? ይህ ጥያቄ በቃል ክርክር ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ ሰዎቹን ሳይለውጡ ልማዱን ብቻ ለውጦ ማየት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ፈተና እምብዛም አይገኝም፤ ሆኖም አንድ ጊዜ በግልጽ ተደርጓል። የተደረገውም በእርሻ ሳይሆን በአውቶሞቢል ፋብሪካ ነው። ይሁን እንጂ ለእርሻ መሥሪያ ቤት ሹምም ሆነ ብዙ ሠራተኛ ለሚያሠራ ባለ እርሻ የሚነግረው ነገር ብዙ ስለ ሆነ አስቀድመን እርሱን እንተርካለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይበል።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በፍሪሞንት ከተማ የጀነራል ሞተርስ ኩባንያ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ነበረው። የዚህ ፋብሪካ ሠራተኞች በኩባንያው ውስጥ ካሉት ሁሉ የከፉ ናቸው እየተባሉ ይታሙ ነበር። ከመቶ ሠራተኞች ሃያ የሚሆኑት በየቀኑ ከሥራቸው ይቀራሉ፤ ከመጡትም አንዳንዱ በሥራ ሰዓት ይጠጣል፤ ማኅበራቸው ሳይፈቅድ ሥራ የሚያቆሙበት ጊዜ ነበረ፤ በአለቆች ላይ የቀረበውም አቤቱታ ውሳኔ ሳያገኝ በሺሕ እየተቈጠረ ተከማችቶ ነበር። አለቆቹም በበኩላቸው ሠራተኛውን እንደ ባላጋራ ያዩት ነበር። በመጨረሻ ኩባንያው ተስፋ ቈርጦ በ1982 ፋብሪካውን ዘጋው፤ ሠራተኞቹም ተበተኑ።

በዚያ ፋብሪካ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረ፤ ይኸውም መኪናዎቹ እየተገጣጠሙ የሚያልፉበት መስመር ከቶ መቆም የለበትም የሚል ነው። ሠራተኛው ብሎኑ ሳይጠብቅ ወይም በሩ ተጣሞ ሲገጠም ቢያይ እንኳ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ስሕተቱን ቢናገር ሥራ አጐደልህ ተብሎ ይቈጣበታል፤ ዝም ቢል ግን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ጉድለት ያለባቸው መኪናዎች መጨረሻው ላይ ባለው ግቢ እየተከማቹ፣ በሌላ ሠራተኛ እጅና በሌላ ወጪ እንደ ገና እየተፈቱ ይታረሙ ነበር። የቀኑ ቍጥር በመዝገብ ሞልቶ ይጻፋል፤ መኪናው ግን አልተሠራም። ይህን የሚያነብ አስተዳዳሪ በራሱ ግዛት የሚደርሰውን «መቶ በመቶ ተፈጸመ» የሚል ሪፖርት ሳያስብ የሚያልፍ አይመስለንም።

በ1984 የጃፓኑ የቶዮታ ኩባንያ ከጀነራል ሞተርስ ጋር በሽርክና ያንኑ ፋብሪካ እንደ ገና ከፈተ። ከሠራተኞች ማኅበር ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት ከተቀጠሩት ውስጥ ከመቶ ሰማንያ አምስት የሚሆኑት ቀድሞ የተበተኑት፣ እነዚያው የታሙት ሠራተኞች ነበሩ። ማኅበሩም ያው ነው፤ ሕንፃውም ያው ነው። ጀነራል ሞተርስ በዚያው ዘመን ለሌሎች ፋብሪካዎቹ እጅግ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ሮቦት ሲገዛ፣ በዚህኛው የገባው መሣሪያ ግን ይህን ያህል የሚያስደንቅ አልነበረም።

አዲሱ ነገር ሌላ ነው። በመጀመሪያ ከአራት መቶ የሚበልጡ የቡድን መሪዎችና የሥራ ኀላፊዎች በየተራ ወደ ጃፓን ተልከው፣ ቀደም ብሎ ይህን ሥራ ከሚያውቁ ሠራተኞች አጠገብ ቆመው ለሳምንታት ሠሩ። ከተመለሱም በኋላ በፋብሪካው ውስጥ በየሠራተኛው ራስ በላይ ገመድ ተዘረጋ። ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ወይም ሥራው ሲያቅተው ገመዱን ይስባል፤ መብራት ይበራል፤ የቡድኑ መሪ ወዲያውኑ ይመጣል። የመጣውም ሊቈጣ ሳይሆን ሊረዳ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠይቀውም «ምን አጋጠመህ?» ብሎ ነው። ነገሩ በጥቂት ሰኮንድ ካልተቃና መስመሩ በሙሉ ይቆማል። አለቆችም የራሳቸው የመኪና ማቆሚያና የራሳቸው የምግብ አዳራሽ ቀረባቸው፤ ከሠራተኛው ጋር በአንድ አዳራሽ ይበሉ ጀመር።

ውጤቱ ብዙ አልዘገየም። ከሥራ የሚቀረው ሰው ከመቶ ወደ ሁለትና ሦስት ወረደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከዚያ የሚወጣው መኪና በጥራት ከጀነራል ሞተርስ ፋብሪካዎች ሁሉ በላይ ተቈጠረ። ሰነፍ የተባለው ሰው እነሆ ያው ሰው ነው።

ይህን ታሪክ ከሚያጸኑት ነገሮች አንዱ በ1987ና በ1988 የደረሰው ነው። ገበያ ጠፍቶ ፋብሪካው ከሙሉ ዐቅሙ ከስድሳ በመቶ በታች ይሠራ በነበረበት ጊዜ አንድ ሠራተኛ እንኳ አልተቀነሰም። ሥራ የፈታው ሠራተኛ ወደ ትምህርትና ሥራውን ወደ ማሻሻል ጥናት ተመደበ። አስቀድሞ «ስሕተትን ብትገልጥ አትጎዳም» የተባለው ቃል በዚህ ጊዜ ተፈተነ፤ ሠራተኛውም ቃሉን ያመነው ከዚያ ወዲህ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሥራውን ያሻሻለ ሰው በማሻሻሉ ምክንያት እንጀራውን የሚያጣ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚያሻሽል አይገኝምና።

ሁሉ ነገር ያማረ ነበር ለማለት አይደለም። የሥራው ፍጥነት ከባድ እንደ ነበረና ሠራተኛውን በውጥረት እንደሚገዛው የጻፉ አሉ፤ ይህም ሊዘነጋ አይገባም። ፋብሪካውም በ2010 ተዘግቷል፤ ጀነራል ሞተርስ ከሽርክናው በመውጣቱና ገበያው በመውደቁ ነው።

የጀነራል ሞተርስ አለቆች በፍሪሞንት ያዩትን ነገር በዚያው በካሊፎርኒያ በቫን ናይስ ወደ ነበረው ፋብሪካቸው ለመውሰድ ሞከሩ። ገመዱም ተዘረጋ፤ ሠራተኛውም በቡድን ተከፈለ። ነገር ግን አለቃው መስመሩ እንዳይቆም የሚፈራው ፍርሃት እንዳለ ቀረ፤ ገመዱን የሳበ ሰው እንደ ቀድሞው ተቈጡበት። ሠራተኛውም ይህ ሁሉ ነገር የሥራ ማብዣ ዘዴ ነው ብሎ ጠላው። ያ ፋብሪካ በ1992 ተዘጋ። ገመድ በገበያ ይገኛል፤ ገመዱ ሲሳብ የአለቃው ፊት ምን እንደሚመስል ግን የሚገዛ ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ የቡድን መሪዎቹ ሥራውን ያስተማሩበትን መንገድ እንመልከት። መንገዱ በመጀመሪያ የጃፓን አልነበረም። በ1940 አሜሪካ ለጦርነት ስትዘጋጅ መነጽርና የመድፍ ማነጣጠሪያ የሚሆን መስተዋት የሚሞርዱ 350 ሠራተኞች በቶሎ አስፈለጉ። ይህን ጥበብ ለመማር አምስት ዓመት ያስፈልጋል ይባል ነበር። የሥራ ማሠልጠኛ ጉዳይ የተሰጣቸው ሰዎች ሥራውን ክፍል በክፍል ለይተው፣ ከባዱን ከቀላሉ አበጥረው፣ ትምህርቱን ወደ ጥቂት ወራት አወረዱት። ከዚህም ተነሥተው አራት ደረጃ ያለው የማስተማሪያ ሥርዐት አቆሙ። በመጀመሪያ ተማሪው ፍርሃቱን ትቶ ልቡ እንዲረጋ ያደርጉታል፤ የሚያውቀውንም ይጠይቁታል። ሁለተኛ ሥራውን እየሠሩና እየነገሩ፣ ለምን እንዲህ እንደሚደረግም እየገለጹ ያሳዩታል። ሦስተኛ ራሱ እንዲሠራው፣ ሲሠራም በቃሉ እንዲያስረዳ ያደርጉታል። አራተኛ ለብቻው ይተዉታል፤ ነገር ግን ሲቸገር ወደ ማን እንደሚሄድ ነግረውት፣ እየተመላለሱ ያዩታል። ተማሪው ካልተማረ ጉድለቱ የመምህሩ ነው የሚለው ደንብም ከዚሁ ጋር ታወጀ። ጦርነቱ በ1945 እስኪያልቅ ድረስ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ የሥራ መሪዎች በዚህ ሥርዐት ሠለጠኑ። ከጦርነቱ በኋላ ሥርዐቱ ወደ ጃፓን ተሻገረ፤ ቶዮታም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተቀበለው። በፈጠሩት ዘንድ ተዘንግቶ በተቀባዩ ዘንድ ስለ ጸና፣ በ1984 አሜሪካኖች ከጃፓን ሲማሩት የገዛ አያቶቻቸውን ትምህርት ይማሩ ነበር ማለት ይቻላል።

ለእኛም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ገበሬ ልጁን ማረስ ሲያስተምር በመጀመሪያ ከበሬዎቹ ጋር ያላምደዋል፤ ጅራፉን ይዞ ከኋላ ይከተላል፤ ቀጥሎ አባትየው ከልጁ እጅ በላይ እጁን አድርጎ እርፉን አብሮት ይይዛል፤ ከዚያም ለቀቅ አድርጎለት ከጐኑ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ጥላ ሥር ተቀምጦ ትልሙን ይመለከታል። ትልሙ ቢወላገድ የሚሳቅበት አባትየው ነው። በዜማ ቤትና በቅኔ ቤትም የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል፤ ሌላውን ሳያስተምር የወጣ ሊቅም የለም። በዚህ ዐይነት ትምህርት ያደገ ሰው ግን ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ አዲሱን ሠራተኛ «መመሪያው ይኸው፤ አንብበህ ሥራ» ብሎት ወረቀት ሰጥቶ ይሰደዋል። ከቤቱ ያመጣውን ጥበብ በር ላይ ጥሎት ይገባል።

የጃፓኖቹ የሥራ ልማድ «ካይዘን» በሚለው ስሙ ወደ አገራችን የገባበት መንገድ የታወቀ ነው። በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓንን መንግሥት እርዳታ ጠየቁ፤ ከ2009 እስከ 2011 የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት ሠላሳ በሚሆኑ ፋብሪካዎች ሙከራ አደረገ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ በብዙ መሥሪያ ቤት ተዳርሷል። መልካም ነገር ነው፤ ዕቃ በሥርዐት ሲቀመጥ፣ መዝገብ ሲጸዳ፣ ጊዜ ይተርፋል። ነገር ግን በአንዳንድ ቦታ ከትምህርቱ የቀረው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍና በወለሉ ላይ የተሰመረው ቢጫ ቀለም ብቻ ሲሆን ይታያል። ይህ የቫን ናይስ ገመድ ነው።

ወደ እርሻ መሥሪያ ቤት እንመለስ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከ2000 ወዲህ በእርሻ ማሠልጠኛ ኮሌጆች እጅግ ብዙ ሰው አስተምሯል፤ በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ብቻ የተመረቁት የልማት ሠራተኞች ከ60 ሺሕ አያንሱም። ዐሳቡም በየቀበሌው ሦስት ሦስት ሰው፣ ይኸውም አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለከብት ርባታ፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ እንዲመደብ፣ በየቀበሌውም የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማእከል እንዲቆም ነበር። ይህን የሚያህል ሠራዊት በገጠር ያሰማራ አገር በአፍሪካ እምብዛም የለም። እንግዲህ የቍጥሩ ነገር በብዛት ተሞክሯል ማለት ነው። ጥያቄው ይህ ሰው ከቀበሌው ከደረሰ በኋላ ማን ያስተምረዋል፣ ሲቸገርስ ማን ይመጣለታል የሚለው ነው።

ነገሩ የሚያስከትለውን ጉዳት ለማየት የስንዴን ዋግ መመልከት ይበቃል። በ2010 ቢጫ ዋግ በስንዴ አብቃይ አገሮቻችን ተነሥቶ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን፣ ገበሬው እጅግ የሚወዳቸውን ዘሮች በብዙ መቶ ሺሕ ሄክታር ላይ ጐዳ። ከዚያ በኋላ ቢጫውን ዋግ ይችላል ተብሎ ዲገሉ የተባለው ዘር ተስፋፋ፤ እርሱንም በ2013 መጨረሻ በአርሲና በባሌ የግንድ ዋግ መታው። የዋግ ዱቄት በነፋስ ይሄዳል፤ በአንድ ቅጠል ላይ ያረፈው በሁለት ሳምንት ገደማ እንደ ገና ይራባል። መድኀኒቱ የሚረዳው በጊዜ ከተረጨ ነው፤ ዘለላው ከመታ በኋላ የሚረጭ መድኀኒት ገንዘብን ማፍሰስ ነው። እንግዲህ የአንድ ወረዳ ስንዴ መዳኑና መጥፋቱ በአንድ ነገር ይወሰናል፤ ይኸውም በመጀመሪያው ቅጠል ላይ ቢጫውን ዱቄት ያየ አንድ ወጣት የልማት ሠራተኛ በዚያው ቀን ስልኩን አንሥቶ መናገሩ ነው። ከ2017 ወዲህ የኢትዮጵያ የእርሻ ምርምር ከውጭ አገር ሊቃውንት ጋር ሆኖ የነፋሱን አካሄድ እየተመለከተ ስለ ዋግ አስቀድሞ የማስጠንቀቂያ ሥራ ጀምሯል፤ የዚህም ሥራ ዐይኑ በሜዳ ያለው ተመልካች ነው።

እንበልና ይህ ወጣት ዱቄቱን አይቶ ተናገረ። የወረዳው ሹም «እስከ ዛሬ የት ነበርህ? ገበሬው በጊዜ እንዲረጭ ለምን አላደረግህም?» ብሎ መለሰለት። ከጥቂት ቀን በኋላም ስሙ በስብሰባ ላይ ተጠራ። በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ወጣት ሌላ ቅጠል ላይ ቢጫ ነገር ቢያይ ምን ያደርጋል? «ምናልባት የዝናብ እጥረት ይሆናል» ብሎ ራሱን ያባብላል፤ ሁለት ሦስት ቀንም ይጠብቃል። ያ ሁለት ሦስት ቀን የብዙ ቤተ ሰብ ቀለብ ነው። ሹሙ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ እርሱንም ከበላይ ያለው እንዲህ እየጠየቀው አስተምሮታል።

ሁለተኛውም ምሳሌ ጤፍን በመስመር ስለ መዝራት ነው። ከ2011 ወዲህ ዘሩን ቀንሶ በመስመር መዝራት ምርቱን እጅግ ያበዛል ተብሎ በየወረዳው ትእዛዝ ተላለፈ፤ የልማት ሠራተኛውም ይህን ያህል ገበሬ በመስመር እንዲያዘራ ተወሰነበት። በምርምር ጣቢያ የታየው ውጤት ትልቅ ነበር። በገበሬው ማሳ ላይ የተደረገው ጥናት ግን ጭማሪው ከተባለው እጅግ ያነሰ፣ የሚጠይቀው ጕልበትም እጅግ የበዛ መሆኑን አሳየ። በጭቃ ውስጥ ጐንበስ ብሎ እንደ አሸዋ የደቀቀ ዘር በመስመር ማፍሰስ ምን ያህል ቀን እንደሚፈጅ ከጥናቱ በፊት የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ እርሱም የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነው። ይህን ለመናገር የሚያስችለው ገመድ ግን በራሱ ላይ አልተዘረጋለትም። የተሰጠውን ቍጥር መሙላት ወይም እንደ ተሞላ አድርጎ መጻፍ ነበር የቀረለት። ዘዴው መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ ጕልበት ባለበትና መዝሪያ መሣሪያ በተገኘበት የጠቀማቸው ገበሬዎች አሉ። የሚያሳዝነው ዕውቀቱ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እያለ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ መታጣቱ ነው።

እንግዲህ በአስተዳዳሪነትና በወረዳ ሹምነት ላላችሁ ክቡራን ከዚህ ሁሉ የሚወጣውን ሥራ እንደሚከተለው ለማሳሰብ እንወዳለን።

ከሁሉ በፊት፣ የልማት ሠራተኛውን ከዕዳ ሰብሳቢነት አድኑት። የማዳበሪያ ብድር የሚያስከፍል፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ለስብሰባ ሰው የሚጠራ ሰው፣ ይኸው ሰው ደግሞ መምህር ሊሆን አይችልም። ገበሬው መምህሩን ሲያይ ወደ ማሳው ይጠራዋል፤ ዕዳ ጠያቂውን ሲያይ ግን በጓሮ በኩል ይወጣል። ይህ ነገር በጥናት ተደጋግሞ የተጻፈ ሲሆን፣ ለማስተካከል አዲስ በጀት የማይጠይቅ፣ የአስተዳዳሪውን ውሳኔ ብቻ የሚሻ ጉዳይ ነው። ከመታዘዝ ልማድ የተነሣ ሠራተኛው ራሱ እንቢ አይልም፤ እንቢ ሊልለት የሚገባው የእርሻው ኀላፊ ነው።

ቀጥሎም ሹሙ ወደ ቀበሌ ሲወርድ እንዴት እንደሚወርድ ያስብበት። በሦስት መኪና ወርዶ፣ ጥሩውን ማሳ አይቶ፣ ምሳ ተጋብዞ መመለስ ጕብኝት አይባልም። አንድ የልማት ሠራተኛ ይዞ፣ በእግር፣ ከመንገድ ራቅ ወዳለው ማሳ መግባት፣ እዚያም «ዘንድሮ ያቃተህ ምንድር ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ሳያቋርጡ መስማት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን መልስ አይገኝም፤ ሠራተኛው «ሁሉ ደኅና ነው» ይላል። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ነው። ሦስተኛ ጊዜ፣ የፊተኛው ጥያቄ በሪፖርት ተጽፎ እንዳልተከሰሰበት ሲያይ፣ ይናገራል። የተናገረውም ችግር አንዱ እንኳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢቃናለት ወሬው ለጎረቤት ቀበሌዎች ሁሉ ይደርሳል። በልጦ የሚፈለገውም ይኸው ወሬ ነው።

ትምህርትን በሚመለከት፣ ሠራተኛን ወደ ከተማ ጠርቶ በአዳራሽ ማስቀመጥ ዋጋው ብዙ፣ ጥቅሙ ጥቂት ነው። አበል የሚያገኝበት በመሆኑ ይወደዳል እንጂ እጅ አያስተምርም። ከዚህ ይልቅ የአምስት ወይም የስድስት ቀበሌ ሠራተኞች በየወሩ አንድ ቀን በአንዳቸው ማሳ ላይ ይሰብሰቡ። በሥራው የበለጠው ያሳይ፤ ሌሎቹ በእጃቸው ይሥሩት፤ ባለ ማሳው ገበሬም ይናገር። ንብ በማነብ የሚያውቅ አለ፤ ኮምፖስት በማዘጋጀት የሚያውቅ አለ፤ የላምን ጡት በሽታ ለይቶ የሚያውቅ አለ፤ እነዚህ ዕውቀቶች በአንድ ወረዳ ውስጥ ተበታትነው ይኖራሉ፤ የሚያገናኛቸው የለም።

ማሠልጠኛ ማእከሎቹን በሚመለከት ብዙዎቹ ያለ በጀትና ያለ ዘር ቆመው የቀሩ ናቸው። እነርሱን ስለ ማደስ ስንናገር አንድ የቆየ ታሪክ እናስታውሳለን። የአሜሪካ የእርሻ ትምህርት ሥራ ከተነሣባቸው ነገሮች አንዱ በ1903 በቴክሳስ በቴሬል ከተማ አጠገብ ሲመን ናፕ የተባሉት ሰው በአንድ ገበሬ መሬት ላይ ያደረጉት ሙከራ ነው። ገበሬው አዲሱን ዘዴ እንዲሞክር የከተማይቱ ሰዎች አስቀድመው ገንዘብ መደቡ፤ ቢከስር ኪሳራው ከዚያ እንዲከፈለው ነው። አልከሰረም፤ አተረፈ፤ ነገሩም ተስፋፍቶ በ1914 በሕግ የጸና የአገር ሥራ ሆነ። ኪሳራ ሊሸፈን እንደሚችል ካልታወቀ ደፍሮ የሚሞክር የለም። ማእከሉ ያለው ጥማድ የማይሞላ ማሳ ለልማት ሠራተኛው እንዲህ ያለ ቦታ ሊሆንለት ይገባል፤ ይኸውም ዘር ቢበላሽበት የማይከሰስበት፣ ሁለት ዐይነት አዘራር ጐን ለጐን አድርጎ ለገበሬው ከማዘዙ በፊት ራሱ የሚያይበት መሬት ነው።

የኑሮው ነገርም አይረሳ። ቤት የሌለው፣ ደመወዙ የሚዘገይበት፣ ሴት ከሆነች ደግሞ ማታ የምታድርበት ደኅና ቦታ የሌላት ሠራተኛ ስለ ሥራ ልማድ የሚነገራት ቃል ፌዝ ይመስላታል። ለልማት ሠራተኛ ማደሪያ የሠራ ቀበሌ ሠራተኛውን ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚያቈይ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም። ሹመትም የሚሰጠው ለማን እንደ ሆነ ሁሉ ያያል፤ ችግርን ያሳወቀው ቀርቶ ሪፖርቱ ያማረው ብቻ ከተሾመ፣ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ምክር ሁሉ በነፋስ ላይ የተጻፈ ነው።

ሰፊ እርሻ ይዛችሁ በቀንና በወር ሠራተኛ የምታሠሩ ባለ እርሻዎችም ከዚህ የምትወስዱት አለ። ለምሳሌ የጸረ አረምና የጸረ ተባይ መድኀኒት የሚረጨውን ሠራተኛ አስቡ። ብዙ ጊዜ መረጩን በጀርባው አሸክመው፣ መጠኑን በቃል ነግረው ይሰዱታል። እርሱም በቆርቆሮ እየለካ፣ በባዶ እጁ እያማሰለ፣ ነፋስ ፊት ለፊት እየረጨ ይውላል። ከዚህ ሁለት ጉዳት ይመጣል፤ አንዱ የሰውዬው ጤና ነው፤ ሁለተኛው መድኀኒቱ በዝቶ ሰብሉን ማቃጠሉ ወይም አንሶ አረሙን መተዉ ነው። የእርሻው ካቦ ግማሽ ቀን ወስዶ በንጹሕ ውሃ ብቻ ያለማምደው፤ ለምን ከነፋሱ ጋር እንደሚሄድ፣ ለምን ጓንት እንደሚያደርግ፣ ለምን ሳይታጠብ እንደማይበላ ይንገረው፤ ከዚያም እርሱ ራሱ እየሠራ መልሶ ይንገር። መረጩ ሲያፈስ አቁሞ የተናገረ ሠራተኛም የዚያን ቀን ደመወዙ አይጐደልበት። ቢጐደልበት በሚቀጥለው ቀን እያፈሰሰበት ይረጫል፤ የጐደለውንም ባለ እርሻው ከሰብሉ ላይ ይከፍላል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም ስለ ዝውውር ነው። የልማት ሠራተኛ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ሲዛወር ወይም ሥራውን ትቶ ሲሄድ የገበሬዎቹን ስም፣ የማሳቸውን ጠባይ፣ የትኛው ጕድጓድ በስንት ወር እንደሚደርቅ፣ የትኛው ዘር የት እንደ ከሸፈ የሚያውቀውን ሁሉ በልቡ ይዞ ይሄዳል፤ ተተኪውም እንደ ገና ከመጀመሪያ ይጀምራል። ስለዚህ ዝውውር በዘር ወራት እንዳይደረግ፣ ወጪውና ገቢው ሠራተኛ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አብረው እየዞሩ እንዲረካከቡ፣ በእያንዳንዱም ቀበሌ ይህ ሁሉ የሚጻፍበት አንድ ወፍራም ደብተር እንዲኖር፣ ደብተሩም በሠራተኛው ሳጥን ሳይሆን በማእከሉ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ የወረዳው ኀላፊ ይዘዝ። የዘንድሮውን ርክክብ ከግንቦት በፊት መጨረስ ይቻላል።